ከሰብሳቢው ጎን የሚቀመጠው ባለሙያ ምን ይሠልጥን?

በማንኛውም አክሲዮን ማኅበር የዳይሬክተሮች ቦርድ ስብሰባ ላይ ድምፅ የማይሰጥ፣ ነገር ግን ሁሉንም የሚሰማ አንድ ሰው አለ። አጀንዳ የሚያሰናዳው፣ ሰነድ ለአባላት የሚያደርሰው፣ ምልዓተ ጉባዔ መሟላቱን የሚያረጋግጠው፣ ቃለ ጉባዔ የሚይዘውና የተወሰነው ነገር መፈጸም አለመፈጸሙን የሚከታተለው እሱ ነው። በአገራችን አብዛኛውን ጊዜ የቦርድ ጸሐፊ ይባላል። በባንኮችና በኢንሹራንስ ኩባንያዎች ከሕግ አገልግሎት፣ ከተገዢነትና ከሥጋት አስተዳደር ኃላፊዎች ጋር ሲደመር ደግሞ የኮርፖሬት አስተዳደር ባለሙያ የሚባለውን ወገን ይመሠርታል። ስለ ፕሬዚዳንቶችና ስለ ዋና ሥራ አስፈጻሚዎች የአመራር ሥልጠና ብዙ ይወራል፤ ለእነዚህ ባለሙያዎች ግን ሥልጠና ሲታሰብ ከአዋጅና ከመመሪያ ገለጻ ብዙም አይዘልም። የአዋጅና የመመሪያ ዕውቀት አስፈላጊ መሆኑ አያከራክርም። ሆኖም ትልልቅ ኩባንያዎች የወደቁት ሕጉን የሚያውቅ ሰው በማጣት አይደለም። የጠፋው፣ የማይጥም እውነት በጊዜውና በአግባቡ ወደ ላይ የሚያደርስ ሰው ነው። ይህ ያለ ሥልጣን የመምራት ሙያ ሊሠለጠን ይችላል፤ ፍሬ የሚያፈራው ግን ሰብሳቢው አብሮ ሲሠለጥንና የባለሙያው ወንበር በደንብ ሲጠበቅ ብቻ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ የሚነሳበት በቂ ምክንያት አለ። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ የሠራንበት የንግድ ሕግ ስለ ንግድ ማኅበራት የሚደነግገው ክፍሉ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክቷል። በዚያው ዓመት የወጣው የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን እንዲቋቋም መሠረት ጣለ፤ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ሲጀምር ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ዝቅተኛውን ግዢ በ33 አክሲዮን ወስኖ ለሕዝብ ሲያቀርብ ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች ገዙ። የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ደግሞ ዘርፉን ለውጭ ባንኮች ከፈተ። እነዚህ ሁሉ ተደምረው የሚያመጡት ለውጥ በባለቤቱና በገንዘቡ መካከል ያለው ርቀት መስፋቱ ነው። አዋሽ ባንክ በ1987 ዓ.ም. ሲቋቋም መሥራች ባለአክሲዮኖቹ 486 ነበሩ፤ ያን ያህል ሰው በአንድ አዳራሽ ተሰብስቦ ይተዋወቃል፣ ይጠያየቃል፣ የሚጠረጥረውንም ፊት ለፊት ይናገራል። በስልኩ 33 አክሲዮን የገዛ ሰው ግን የቦርድ አባላቱን አያውቃቸውም፤ እነሱም አያውቁትም። እሱ በሌለበት ክፍል ውስጥ ስለ ገንዘቡ ሲወሰን ሥርዓቱ መጠበቁን የሚያይለት ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው በየቀኑ የሚገኘው ከቦርድ ጸሐፊው ወንበር ላይ ነው።

ወንበሩ ዛሬ ያለውን ክብደት ያገኘው በአንድ ጊዜ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1887 በእንግሊዝ አገር በታየ አንድ የትራም ኩባንያ ክርክር ዳኞቹ የኩባንያ ጸሐፊ የታዘዘውን ብቻ የሚፈጽም ተራ ተቀጣሪ ነው ብለው ነበር። ይህ አመለካከት የተለወጠው በ1971 ሲሆን፣ ለለውጡ ምክንያት የሆነው ሰው የሚመሰገን አልነበረም። የአንድ የቤት ዕቃ ጨርቅ አምራች ኩባንያ ጸሐፊ በኩባንያው ስም ውድ መኪናዎችን እየተከራየ ለግሉ ይነዳ ነበር። አከራዩ ሒሳቡን ሲጠይቅ ኩባንያው “ጸሐፊያችን ይህን የማድረግ ሥልጣን የለውም” ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ግን ዘመኑ ተለውጧል፣ ጸሐፊው ዛሬ የኩባንያው ዋና የአስተዳደር መኮንን ነው፣ ስለዚህ ኩባንያው ይክፈል ሲል ፈረደ። በ1992 በሰር አድሪያን ካድበሪ የተመራው ኮሚቴ ያወጣው ሪፖርት ደግሞ ሁለት ቁም ነገር ጨመረ። የመጀመሪያው፣ ማንኛውም የቦርድ አባል የጸሐፊውን ምክር የማግኘት መብት እንዳለው ነው። ሁለተኛው፣ ጸሐፊውን ከቦታው ማንሳት የመላው ቦርድ ውሳኔ እንጂ የአንድ ሰው ፈቃድ እንዳይሆን ነው። ሪፖርቱ የተጻፈው እንደ ማክስዌልና ቢሲሲአይ ያሉ ስመ ጥር ድርጅቶች ተንኮታኩተው የሰው ጡረታና ተቀማጭ ገንዘብ አደጋ ላይ በወደቀበት ሰሞን ስለሆነ፣ ሁለተኛው ነጥብ ለይስሙላ የገባ አልነበረም።

ሆኖም ሕጉ ከተጻፈና ማዕረጉ ከተሰጠ በኋላም ውድቀቱ አልቆመም። የአሜሪካው ኤንሮን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2001 ሲከስር 64 ገጽ የሥነ ምግባር መመሪያ ነበረው። የቦርዱን የኦዲት ኮሚቴ የሚመሩት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ አያያዝ ፕሮፌሰርና የንግድ ትምህርት ቤቱ ዲን የነበሩ ሰው ናቸው። ቦርዱ በ1999 ዋናው የፋይናንስ ኃላፊ ከራሱ ከኤንሮን ጋር የሚነግዱ የግል ሽርክናዎችን እንዲመራ ፈቀደ፤ ይህም ከመመሪያው ጋር በቀጥታ የሚጋጭ ስለነበር መመሪያው ለእሱ እንዲታለፍለት ተወሰነ። ይህ በድብቅ የተደረገ አይደለም፤ አጀንዳ ተይዞለት፣ ተመክሮበት፣ በቃለ ጉባዔ ተመዝግቦ ነው። የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ በ2002 ባወጣው ሪፖርት ቦርዱ ብዙ የማስጠንቀቂያ ምልክቶችን አይቶ እንዳላየ ማለፉን ዘርዝሯል። እንግዲህ በዚያ ክፍል ውስጥ ዕውቀት ጎድሎ ነበር ማለት ያስቸግራል። የጎደለው “ይህን ካለፍን መመሪያው ለማን ነው የተጻፈው?” ብሎ ውሳኔውን ለአንድ ሳምንት እንኳ የሚያስቆም ሰው ነው።

ይበልጥ የሚያስተምረው ግን የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ጉዳይ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዘረጋው ሆራይዘን የተባለ የኮምፒውተር የሒሳብ ሥርዓት ጉድለት የተነሳ ከ900 በላይ የቅርንጫፍ ፖስታ ቤት ኃላፊዎች በሌብነትና በሒሳብ ማጭበርበር ጥፋተኛ ተብለዋል፤ አብዛኞቹን የከሰሰው ራሱ ፖስታ ቤቱ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013 ሥርዓቱን የመረመሩት ገለልተኛ የሒሳብ ባለሙያዎች ጉድለት እንዳለ የሚጠቁም ሪፖርት አወጡ። በዚያው ሰሞን አንድ የውጭ ጠበቃ፣ በፍርድ ቤት የመሰከረው የቴክኒክ ባለሙያ የሚያውቃቸውን ስህተቶች እንዳልተናገረ በጽሑፍ አሳሰበ። የድርጅቱ ዋና የሕግ አማካሪ ለቦርዱ የሚቀርብ ጽሑፍ አዘጋጅታ ሐምሌ 16 ቀን ወደ ስብሰባው ሄደች። ወደ ውስጥ ግን አልተጠራችም። ከአዳራሹ ውጭ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ ጉዳዩን ዋና ሥራ አስፈጻሚዋ በእሷ ፈንታ አቀረበች። ይህን ራሷ የሕግ አማካሪዋ በ2024 ለመርማሪ ጉባዔው በሰጠችው ምስክርነት ተናግራለች። ሥራዋን የለቀቀችው ግን ስብሰባው በተደረገበት በ2013 መገባደጃ ነበር። የተፈረደባቸው ሰዎች በጅምላ ነፃ የወጡት ደግሞ በ2024 ፓርላማ ልዩ ሕግ ካወጣ በኋላ ነው። በሩ ቢከፈትላት ታሪኩ ይለወጥ ነበር ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። የሚቻለው ይህን ማለት ነው፤ ድርጅቱ የሕግ ዕውቀት ነበረው፣ ባለሙያ ነበረው፣ ጽሑፉም ተዘጋጅቶ ነበር፤ ዕውቀቱን ከበሩ ውጭ ወደ በሩ ውስጥ የሚያሻግረው ነገር ግን አልነበረም።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሳል። “ድፍረት ጠባይ ነው፤ ያለው ይዞት ይወለዳል፣ የሌለው በአምስት ቀን ሥልጠና አያገኘውም” የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ከንግድ ዓለም ውጭ፣ በአቪዬሽን ታሪክ ውስጥ ተፈትኖ ይገኛል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 በካናሪ ደሴቶች በምትገኘው ተነሪፍ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በማኮብኮቢያው ላይ ተላትመው 583 ሰዎች ሞቱ። ለመነሳት የተንደረደረው አውሮፕላን ካፒቴን በኬኤልኤም አየር መንገድ የ747 አብራሪዎች ሥልጠና ኃላፊ የነበረ፣ አንቱ የተባለ ሰው ነው። አውሮፕላኑ ሲንደረደር የበረራ መሐንዲሱ ሌላው አውሮፕላን ከማኮብኮቢያው አልወጣም ወይ ብሎ ጠየቀ። ካፒቴኑ በእርግጠኝነት ወጥቷል አለ፤ መሐንዲሱም ደግሞ አልጠየቀም። በታኅሣሥ 1978 ደግሞ የዩናይትድ አየር መንገድ ዲሲ-8 አውሮፕላን ፖርትላንድ ከተማ አጠገብ የማረፊያ ጎማ ችግር ሲጣራ አየር ላይ ሲዞር ነዳጁ አልቆ ወደቀ፤ 10 ሰዎች ሞቱ። ረዳት አብራሪውና መሐንዲሱ ነዳጁ እያለቀ መሆኑን ያውቁ ነበር፤ የተናገሩት ግን ካፒቴኑን በሚያስቆም ቃል አልነበረም።

የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ከዚህ አደጋ በኋላ የሰጠው ምክር ለእኛ ጉዳይ ቁልፍ ነው። ካፒቴኖች የሠራተኞቻቸውን ሐሳብ ተቀብሎ የመምራትን ሙያ ይሠልጥኑ፤ የበታቾቹም ረግጦ የመናገርን ሙያ ይሠልጥኑ አለ። ዩናይትድ በ1981 እንዲህ ያለውን ሥልጠና ጀመረ፤ በኋላም በዓለም አየር መንገዶች ሁሉ የተለመደ ሆነ። በሐምሌ 1989 የዚያው አየር መንገድ አውሮፕላን መሪውን የሚያንቀሳቅሰው የሃይድሮሊክ ኃይል ሙሉ በሙሉ ከጠፋበት በኋላ ሱ ሲቲ ላይ ሲያርፍ ከተሳፈሩት 296 ሰዎች 184ቱ ተረፉ። ካፒቴኑ ለዚህ ካመሰገኑት ነገር አንዱ ይኸው ሥልጠና ነው፤ በክፍሉ የነበረው ሁሉ የሚያውቀውን ሳይፈራ መናገር ባይችል ኖሮ አውሮፕላኑን ማሳረፍ አይቻልም ነበር ብለዋል። ለአለቃ የማይጥም እውነት መናገር በቃልና በአካሄድ የሚለመድ ሙያ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ ማግኘት ከባድ ነው። ሰዎቹ በጠባይ አልተለወጡም፤ ምን እንደሚሉ፣ መቼ እንደሚሉ፣ የመጀመሪያው ካልተሰማ በምን ቃል እንደሚደግሙት ደጋግመው ተለማመዱ።

ታዲያ የኮርፖሬት አስተዳደር ባለሙያው እንዲህ ሲሠለጥን ምን ይመስላል? ለልምምድ የሚሆን አንድ ጉዳይ እናስብ። አንድ ባንክ አዲስ ቅርንጫፍ ሊከፍት ሕንፃ ይከራያል። የሕንፃው ባለቤት የአንድ የቦርድ አባል የሚስት ወንድም ነው፤ ይህን ከሠራተኛው ብዙው ያውቃል፣ በሰነዱ ላይ ግን አልተጻፈም። ጉዳዩ በዋናው አጀንዳ አልተያዘም፤ “ልዩ ልዩ” በሚለው ሥር ሰዓቱ መሽቶ፣ ሁሉም ወንበሩን ሊለቅ ሲል ይነሳል። ሰነዱም እዚያው ይታደላል። ሰብሳቢው “ይሄ እንኳ የሚያከራክር አይደለም፣ እንለፈው” ይላሉ። ሠልጣኟ የቦርድ ጸሐፊ ናት፤ አንድ ደቂቃ አላት። ያልተለማመደ ሰው ብዙውን ጊዜ “ይቅርታ ክቡር ሰብሳቢ፣ ምናልባት ይሄን ትንሽ ብናየው ሳይሻል አይቀርም” ይላል፤ ቃሉ አየር ላይ ይቀራል፣ ስብሰባውም ይዘጋል። የተለማመደችው ግን እንዲህ ትላለች፦ “ክቡር ሰብሳቢ፣ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ማሳሰብ ያለብኝ ነገር አለ። ከሕንፃው ባለቤት ጋር ዝምድና ያለው አባል ካለ አሁን አሳውቆ ከውይይቱ እንዲወጣ ይጠበቃል። ሰነዱም የደረሰን ዛሬ ነው። ከፈቀዱልኝ አጣርቼ ለሚቀጥለው ስብሰባ ላቅርበው፤ ዛሬ ይወሰን ከተባለም ማሳሰቤ በቃለ ጉባዔው ይሰፍራል።” አክብሮቱ አልጎደለም፣ ማንም በስም አልተከሰሰም፤ ግን አደጋው ተነግሯል፣ መውጫው ተጠቁሟል፣ እምቢ ቢባልም የሚሆነው ታውቋል።

ጥሩ አሠልጣኝ ግን እዚህ አያቆምም። ልምምዱን ሁለት ቀን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ምክንያቱም ጎበዝ የቦርድ ጸሐፊ ሥራውን የሚሠራው አብዛኛውን ከስብሰባው በፊት ነው። ስለ ሕንፃው የሰማች ዕለት ሰብሳቢውን ቢሯቸው ሄዳ ለብቻቸው ብታነጋግር፣ ሰብሳቢው በአባላት ፊት ሳይደነግጡ ነገሩን ራሳቸው ሊያነሱት ይችላሉ። አባሉን ሰው ሳይሰማ አግኝታ የጥቅም ግጭት ማሳወቂያ ቅጹን እንዲሞላ ብትጠይቅ፣ ምናልባት ግዴታውን ባለማወቅ የተወው ከሆነ ክብሩ ሳይነካ ይስተካከላል። በስብሰባ መካከል ድምፅን ከፍ አድርጎ ማሳሰብ ሌላው ሁሉ ሳይሠራ ሲቀር የሚመጣ የመጨረሻ መንገድ ነው። ስለዚህ ሥልጠናው ሦስቱንም ያካትት፤ የግል ውይይቱን፣ የቅድሚያ ጽሑፉንና የአዳራሹን አንድ ደቂቃ። ሰብሳቢ ሆኖ የሚጫወተው ሰው ደግሞ እውነተኛ ሰብሳቢ እንደሚያደርገው ይቆጣ፣ ይቀልድ፣ ሰዓቱን ይመልከት። በጽሑፍ ያነበቡትንና እየተቆጧቸው የተናገሩትን የሚለየው ይህ ነው።

ከዚሁ ጋር ሊሠለጠን የሚገባው ቃለ ጉባዔ አጻጻፍ ነው። በብዙ መዝገብ ላይ “ሰፊ ውይይት ከተደረገበት በኋላ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል” የሚል ዓረፍተ ነገር ይገኛል። ይህ ዓረፍተ ነገር ማን ምን አማራጭ እንዳቀረበ፣ የትኛው አደጋ እንደተነሳ፣ ውሳኔው በምን ምክንያት እንደተመረጠ፣ ማን ከውይይቱ እንደወጣ አይናገርም። ነገሩ ከሦስት ዓመት በኋላ በፍርድ ቤት ወይም በተቆጣጣሪ ፊት ሲነሳ ጠይቆና ተጠራጥሮ የነበረውን አባል እንኳ አያድነውም፤ ሁሉንም በአንድ ላይ ያስጠይቃል። በአንጻሩ እያንዳንዱን ቃል እንደ ድምፅ መቅጃ መያዝም አባላት በነፃነት እንዳያስቡ ያደርጋል። በሁለቱ መካከል ያለውን መጠን ማወቅ፣ የተስማሙበትን ብቻ ሳይሆን ለምን እንደተስማሙ በሁለት መስመር ማስፈር፣ ሰብሳቢው “ይህችን እንኳ አውጣት” ሲሉ በምን ምክንያት እንደማትወጣ ማስረዳት የሙያው እምብርት ነው። ይህም የሚለመደው እውነተኛ የሚመስል ስብሰባ ታይቶ፣ ሠልጣኞች ሁሉ ለየብቻ ጽፈው፣ ጽሑፎቹ ጎን ለጎን ሲነበቡ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከልምድ የመጣ ነው። በአገራችን ሥልጠና ማለት ቢሾፍቱ ወይም አዳማ በሚገኝ ሆቴል ሦስት ቀን ማሳለፍ፣ ስላይድ ማየት፣ ውሎ አበል መቀበልና የምስክር ወረቀት ይዞ መመለስ ሆኗል የሚሉ ሰዎች አሉ። የተጋነነ ቢሆንም ከመሬት የተነሳ አይደለም። ግን ይህ ወቀሳ በትክክል ሲታይ የሚያጠቃው የሥልጠናን አሰጣጥ እንጂ ሥልጠናን አይደለም። ገለጻ ሰምቶ መዋኘት የቻለ የለም። ሥልጠናው በየሩብ ዓመቱ ለአንድ ቀን ቢሆንና ሠልጣኙ በመካከሉ ከራሱ ቦርድ የገጠመውን ጉዳይ ስም ለውጦ ይዞ ቢመጣ፣ ወጪው ከአንድ የሆቴል ሳምንት አይበልጥም። ምዘናውም በምስክር ወረቀት ሳይሆን በሥራ ይሁን። ሰነድ ለአባላት የሚደርሰው ከስብሰባው ስንት ቀን ቀድሞ ነው? የጥቅም ግጭት ማሳወቂያ መዝገብ አለ? ካለስ መቼ ታደሰ? ባለፈው ዓመት ከተላለፉት ውሳኔዎች ያልተፈጸሙት የትኞቹ ናቸው? እነዚህ ጥያቄዎች ከሥልጠናው በፊትና ከአንድ ዓመት በኋላ ቢጠየቁ ገንዘቡ በከንቱ መፍሰስ አለመፍሰሱ ይታወቃል።

ባህላችንስ ይፈቅዳል ወይ? “ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ” በሚል ተረት ያደገ ሰው፣ አባቱን በሚያህሉ ሰብሳቢ ፊት ቆሞ ውሳኔያቸው ሥርዓት እንደጎደለው ይናገራል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው የሚሉ አሉ። ይሉኝታ በእኛ ዘንድ ኃይለኛ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ተነሪፍ ላይ አንዴ ጠይቆ ዝም ያለው ሰው ኔዘርላንዳዊ ነበር፤ ከአዳራሹ ውጭ ስትጠብቅ የዋለችውም እንግሊዛዊት ናት። አለቃን መፍራት የአንድ ሕዝብ በሽታ አይደለም፤ ደረጃ ባለበት ሁሉ አለ። ደግሞም አክብሮት ከግልጽነት ጋር አይጣላም። በአገር ሽማግሌ ፊት የሚቆም ሰው አጎንብሶ፣ አንቱ ብሎ፣ ግን ነገሩን ሳይሸፋፍን አቤቱታውን ሲያቀርብ የኖረ ሕዝብ ነን። ከላይ ያየነው የቦርድ ጸሐፊዋ ንግግርም “ከፈቀዱልኝ” የሚለውን አልተወም። የሚጎዳው “ምናልባት” እና “ሳይሻል አይቀርም” እየተባለ አደጋው ስሙ ሳይጠራ ሲቀር ነው። ስለዚህ ሥልጠናው ከውጭ የተቀዳ የድፍረት ዘይቤ ሳይሆን፣ በራሳችን የአክብሮት ወግ ውስጥ እውነቱን ሙሉ አድርጎ የማቅረብ ልምምድ ሊሆን ይገባል።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ግን የሥልጣን ጉዳይ ነው። አብራሪው ዝም ቢል አብሮ ይሞታል፤ የቦርድ ጸሐፊው ዝም ቢል ደመወዙን ይቀበላል፣ ቢናገር ግን ሊባረር ይችላል። ችግሩ ከትልልቅ ባለአክሲዮኖችና ከሰብሳቢዎች ሆኖ ሳለ የበታቹን ማሠልጠን ሸክሙን በደካማው ላይ መጫን ነው ቢባል፣ ግማሹ ትክክል ነው። ለዚህም ነው ሥልጠና ብቻውን አይበቃም የምለው። ካድበሪ ያሰፈረው፣ ጸሐፊውን የማንሳት ሥልጣን የመላው ቦርድ ይሁን የሚለው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው የእንግሊዝ የኮርፖሬት አስተዳደር ደንብም ውስጥ አለ፤ ሹመቱም እንዲሁ የመላው ቦርድ ሆኗል። ደቡብ አፍሪካ ከዚህ አንድ እርምጃ ሄዳለች። በ2008 የወጣው የኩባንያዎች ሕጓ ከቦታው የተነሳ የኩባንያ ጸሐፊ፣ ለመነሳቴ ምክንያት ነው የሚለውን በኩባንያው ዓመታዊ የሒሳብ መግለጫ ውስጥ አጠር አድርጎ እንዲያወጣ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ይህ ድንጋጌ ማንንም ሥራው ላይ አያቆይም፤ ነገር ግን ዝም አሰኝቶ ማባረርን ውድ ያደርገዋል። ማንኛውም ኩባንያ እንዲህ ያለውን ጥበቃ በቦርዱ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ለመጻፍ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልገውም። የሹመቱ፣ የምዘናውና የደመወዙ ጉዳይ ከዋና ሥራ አስፈጻሚው እጅ ወጥቶ ለቦርዱ ይሁን፤ ጸሐፊውም ያለ ማንም አማላጅነት ሰብሳቢውንና የኦዲት ኮሚቴውን የሚያገኝበት መንገድ ይጻፍ።

ግማሹ ትክክል ነው ያልኩት ሌላው ግማሽ ስላለ ነው። የሕግ ጥበቃ አግኝቶ ምን እንደሚል የማያውቅ ባለሙያም አይጠቅምም። ፖርትላንድ አጠገብ የወደቀውን አውሮፕላን የመረመሩት ሰዎች ካፒቴኑንም የበታቾቹንም አሠልጥኑ ያሉት በዚህ ምክንያት ነው። በእኛም ዘንድ የቦርድ ሰብሳቢው በዚያው ልምምድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ሲያሳስቡት “አመሰግናለሁ፣ ቀጥል” ማለትን፣ ከስብሰባ መጨረሻ ይልቅ መጀመሪያ ላይ ጸሐፊውን “ሥርዓት የጎደለበት ነገር አለ?” ብሎ መጠየቅን ይልመድ። ከዚያ ባለፈ ሙያው ራሱ እንደ ሙያ ሊደራጅ ይገባል። በእንግሊዝ የኩባንያ ጸሐፊዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ አለ። ጎረቤታችን ኬንያም በ1988 የሙያውን ሕግ አውጥታ፣ ፈተና ያለፈና የተመዘገበ ባለሙያ እንዲኖራት አድርጋለች። ማኅበርና ፈተና ሲኖር የሚባረር ባለሙያ የሚያማክረው የሙያ ባልደረባ ያገኛል፤ ሌላ ኩባንያ ሲቀጥረውም በምን እንደተፈተነ ያውቃል። ከዚህ ሌላ የሙያ ሥነ ምግባር የሚባለው ነገር በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ ከመውደቅ ይድናል።

ይህ ሁሉ ለተራው ባለአክሲዮን ሩቅ ቢመስል አይደንቅም፤ በጠቅላላ ጉባዔ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው የትርፍ ድርሻው ስንት ሆነ የሚለው ነው። ጥያቄው አስፈላጊ ነው፤ ግን ትርፉ የዓመቱን ይናገራል እንጂ የሚመጣውን አይናገርም። የኤንሮን ባለአክሲዮኖች እስከ መጨረሻዎቹ ወራት የሚያስደስት ቁጥር ሲሰሙ ነበር። በመጪው ጉባዔ ሌሎች ሦስት ጥያቄዎችን ማንሳት ምንም ወጪ የለውም። የቦርዱን ጸሐፊ የሚሾመውና የሚያነሳው ማን ነው? ባለፈው ዓመት ስንት የጥቅም ግጭት ማሳወቂያ ቀረበ፣ ስንት አባልስ ከውይይት ወጣ? ሰብሳቢውና ጸሐፊው በአንድ ላይ የወሰዱት ሥልጠና አለ ወይ? ለመጨረሻው ጥያቄ “ጸሐፊያችን አዲሱን አዋጅ ሠልጥኗል” የሚል መልስ ከመጣ፣ ያ ኩባንያ ሰብሳቢው “እንለፈው” ሲሉ ምን እንደሚደረግ ገና አልተለማመደም ማለት ነው።